ወደ ግራ የሚሄዱት ዓይኖች

ለልጄ አባት፤

ይህ ወረቀት እጅህ ሲገባ ጤናህ የተሟላ፣ እንቅልፍህም የሰላም ይሁን። ወገብህ እንዴት ሆነ? ብርድ ሲመታህ ጠዋት ጠዋት ቀጥ ብለህ መነሳት እንደሚያቅትህ አልረሳሁም። ያለህበት አገር ብርዳም ነው ብላ እህትህ ነግራኛለች፤ እባክህ ሹራብ ሳትደርብ አትውጣ። እኔ ደህና ነኝ። በደብዳቤ ወግ «ካንተ ናፍቆት በስተቀር» ማለት ነበረብኝ፤ እንደዛ ብዬ ብጀምር ግን ሳቅህ ይመጣል። ያለኝን ናፍቆት ሁሉ ልጃችን ይዛው ስለሄደች ለሌላ ሰው የተረፈኝ ጥቂት ነው። ጥርሴን አልፎ አልፎ ያመኛል፤ ሌላው ሰላም ነው።

ደብዳቤውን በእህትህ እጅ መላኬ አይክፋህ። አድራሻህን ብጠይቃት «እኔው አደርስለታለሁ» ብላ ድርቅ አለችብኝ። አገሩ ሩቅ ነው፣ የስራ ቦታው በየጊዜው ይቀያየራል፣ ፖስታ አይገባም፤ የማትለው የለም። ይህን ሁሉ ስትለኝ ጉትቻዋን በጣቷ እያሽከረከረች ነበር። እህትህን አንተም ታውቃታለህ፣ እኔም አውቃታለሁ። እሺ አልኳት።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። የምጽፍልህ ስለ ዓይን ነው። «ዛሬም ከዓይን አልወጣችም» እንዳትለኝ፤ የምኖርበት ሙያ ነው፣ ምን ላድርግ።

ቲያትር ቤታችን ለልጆች አዲስ ስራ እያዘጋጀ ነው። ድመቷ የጠፋችባት ልጅ ከበር ወደ በር እየዞረች ትጠይቃለች፤ ታሪኩ ይኸው ነው። አዘጋጁ ገና ሲጀምር «ይቺ ልጅ አፏ አይንቀሳቀስም፤ የምትናገረው በዓይኗ ነው» አለ። አሻንጉሊቷን ሚጢጢ ብለን ስም አወጣንላት። ጭንቅላቷን አናጢያችን ቀረጸው፣ ቀሚሷን ልብስ ሰፊዋ ሰፋችው። የኔ ድርሻ እንደምታውቀው ማንም የማያየው ነው፤ ከፊቷ ጀርባ ያለው ሽቦና ሞላ።

ያኔ እንደተጋባን ዘመዶችህ «ሚስትህ ምን ትሰራለች?» ሲሉህ «ዓይን» ብለህ ዝም ትል ነበር። አክስትህ ሐኪም መስዬአቸው የሚያለቅስ ዓይናቸውን ይዘው ቤታችን ድረስ መጡ። እስካሁን ትዝ ሲለኝ ብቻዬን እስቃለሁ። ግን አንድም ቀን ከጠረጴዛዬ አጠገብ ተቀምጠህ ስሰራ አላየኸኝም። ዛሬ ልንገርህ፤ ይሄ ካልገባህ የቀረው አይገባህም።

ሁለት የእንጨት ኳሶች ቶርኖ ቤት ሄጄ አስቀርጻለሁ። ሁለቱም በየጉድጓዳቸው ይገቡና ከኋላ በአንድ ቀጭን ዘንግ ይያያዛሉ፤ አንዱ ሲዞር ሌላው እንዲከተል። ከዘንጉ ላይ የብስክሌት ፍሬን ሽቦ በአንገቷ ወርዶ መያዣው ላይ ካለች ትንሽ ምላስ ጋር ይገናኛል። የሚይዛት ሰው ምላሷን በአውራ ጣቱ ወደዚህ ሲገፋት ዓይኗ ወደዚህ፣ ወደዚያ ሲገፋት ወደዚያ ይሄዳል። ሲለቃት ግራና ቀኝ ያሉት ሁለት ሞላዎች እኩል ስበው መሃል ይመልሱታል። የዓይኗን ቆብ ከፒንግ ፖንግ ኳስ ቆርጬ ስስ ቆዳ አለብሰዋለሁ፤ እሱ የራሱ ሽቦ አለው። ከሁሉ የሚከብደው ግን ሽቦው አይደለም። ነፍስ ያለው ነገር መጀመሪያ የሚዞረው በዓይኑ ነው፤ ጭንቅላቱ ቆይቶ ይከተላል። ያቺን ቅንጣት መዘግየት ካላገኘሃት የያዝከው እንጨት ነው።

አገኘኋት። ሳምንቱን ሙሉ ከሽቦው ጋር ስጨቃጨቅ ቆይቼ አንድ ከሰዓት ላይ ምላሷን ብነካት ሚጢጢ መስኮቱን አየችው፣ ከዚያ ጭንቅላቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። «እሰይ!» ብዬ ብቻዬን ጮህኩ።

ቀለሙን ስቀባ ማንንም አላሰብኩም፤ ብታምነኝም ባታምነኝም እውነቴን ነው። ቡናማውን ሰጠኋት፤ በቡናማው ዙሪያ ጠቆር ያለ ቀለበት ሰጠኋት። ከዚያ ቀጭኗን ብሩሽ ማር የሚመስል ቀለም ውስጥ ነክሬ በግራ ዓይኗ ጥግ ጠብ አደረግኩባት። ብሩሹን አጥቤ ቀና ስል ልጃችን ከጠረጴዛዬ ላይ ሆና ታየኛለች። ክው ብዬ ቀረሁ። ያቺን የማር ነጥብ መቼም አትረሳትም፤ ከእናትህ ተነስታ አንተን ዘላ እሷ ላይ ያረፈችዋን። የቀረው ዓይኗ ሁሉ የኔ ነው ይሉ ነበር።

ትኩሳቱ ልጃችንን በስድስት ዓመቷ ከነጠቀን ወዲህ ስለ ዓይኗ አንተና እኔ የተነጋገርነው አንዴ ብቻ ነው። ሻንጣህን በር ላይ አቁመህ ጫማህን እያየህ «አንቺን ባየሁ ቁጥር የምታየኝ እሷ ናት፤ አልቻልኩም» አልከኝ። አልቻልኩም! እኔስ? መስታወት ፊት ቆሜ ፀጉሬን የማበጥረው የማንን ዓይን እያየሁ መሰለህ? አንተስ ሻንጣህን ይዘህ ከኔ ሸሸህ፤ እኔ ከራሴ ወዴት ልሽሽ? ያን ቀን ደሜ ፈልቶ ነበር። አሁንም ስጽፈው ትንሽ ይፈላል። ይሁን፣ ልቀጥል።

ታላቅ እህቴ ምሳ ልትጋብዘኝ መጥታ ሚጢጢን ስታያት እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ይቺን ነጥብ አሁኑኑ ደምስሻት» አለችኝ። እምቢ አልኩ። «እንግዲያው ልታብጂ ነው» አለች። «ካበድኩ አንቺ ታስታምሚኛለሽ» አልኳትና ተሳሳቅን፤ ምሳው ግን ለሁለታችንም አልበላ አለን። አዘጋጁ በበኩሉ ዓይኖቿን ሲያይ ለፖስተሩ የቀረውን ፊቷን ትቶ ዓይኗን ብቻ አጉልቶ አሳተመው። አሁን በከተማው ግድግዳ ሁሉ ተለጥፏል፤ የአውቶቡስ ማቆሚያው ላይ፣ ገበያው በር ላይ፣ እህትህ ቤት መታጠፊያ ላይ ሳይቀር። ያለህበት አገር መቼም ፖስተር አይደርስም።

ልምምድ ስንጀምር ሁሉም ነገር ሰላም ነበር። ሚጢጢን የሚይዛት ጋሽ ጓንት ነው፤ እጁ ከጠዋት እስከ ማታ ከአሻንጉሊት ውስጥ ስለማይወጣ ያወጣንለት ስም ነው፣ እሱም ለምዶት በዚሁ ሲጠሩት አቤት ይላል። እሷን ይዞ ቀና ሲያደርጋት ዓይኗ የአዳራሹ መሃል ላይ ያርፋል፤ ቆቧ ይከደናል፣ ይገለጣል። መብራት የምትቆጣጠረው ሴትዮ እንኳ «ኧረ ይቺስ ሰው ናት!» ትል ነበር። ኮራሁ፤ ለምን እደብቅሃለሁ። ፖስተሩ በተለጠፈ ሰሞን ግን ጉድ ፈላ።

የመጨረሻው በር የምንለው ትዕይንት አለ። ልጅቱ በሩን ሁሉ አንኳኩታ ማንም አልከፍት ሲላት ዞር ብላ ወደ ተመልካቹ ታያለች፤ በቃ፣ ዝም ብላ ታያለች። አዘጋጁ ቀጥ ብላ መሃሉን እንድታይ ይፈልጋል። እሷ መሃል ትደርስና ታልፈዋለች። ዓይኗ ወደ ግራ ይሄድና ከኋላ በኩል፣ ምሰሶው ጎን፣ ጨለማው ላይ ይተከላል። ጭንቅላቷ ቀጥ እንዳለ ነው፤ የሚሄደው ዓይኗ ብቻ ነው። አዘጋጁ «ድገሙት» ይላል፣ ይደገማል፤ ግራ። «እንደገና!» ይላል፤ አሁንም ግራ።

የመጀመሪያዋ ተጠርጣሪ እኔው ነኝ። አንደኛው ሞላ ደክሞ ይሆናል ብዬ ጠረጴዛዬ ላይ ፈታኋት። ሞላዎቹን ቀየርኩ፣ ሽቦውን ግራሶ ቀባሁት፣ ዘንጉን በሞረድ ነካ ነካ አደረግኩት። ጠረጴዛው ላይ ዓይኗ መሃል ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። አዳራሽ ስትገባ ግራ። ሽቦው አንገቷ ጋ እየታጠፈ ነው ብዬ አዲስ ሽቦ አስገባሁ። ግራ። በመጨረሻ አዘጋጁ ጋሽ ጓንት ላይ ጮኸበት። ሽማግሌው ፊቱን የሚሸፍንበትን ጥቁር ጨርቅ ገፎ፣ ላቡን እየጠረገ፣ እሱ ምንም እንዳልገፋ ተናገረ። «እጄ ነው የሚሄደው፤ እጄ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ ባዶ ወንበር አይቶ አያውቅም» አለ።

ሁላችንም ወደ ምሰሶው ዞርን። ሴትዮዋ መብራቱን ወደዚያ ስታዞረው ወንበሮቹ መቀመጫቸው ወደ ላይ ታጥፎ ተደርድረዋል፤ ማንም የለም። የጎን በሩ መጋረጃ ትንሽ ይወዛወዛል። ነፋስ ነው አልን። አዘጋጁ ሳቀ፣ ሳቁ ግን ከጥርሱ አላለፈም።

ይሄ የባዶ ወንበር ነገር ለውጭ ሰው ላይገባው ይችላል። በኛ ቲያትር ቤት አሻንጉሊት ባዶ ወንበር አታይም። ተመልካች ዓይኗን ተከትሎ ነው የሚያየው፤ ማንም የሌለበት ቦታ ካየች ወዲያው እንጨትነቷ ይታወቃል። ስለዚህ በልምምድ ጊዜ ከመሃል ረድፍ አንድ ሰው ይቀመጣል፣ የሚታይ ሰው እንዲኖር። የያዟት ሰዎች ፊታቸው ተሸፍኖ ደህና አድርገው አያዩም፤ የተቀመጠውን ሰው የሚያገኙት በጆሮ ነው፣ በትንፋሹ፣ በሳሉ፣ በወንበሩ ድምፅ። ድሮ ልብስ ሰፊዋ መርፌና ክሯን ይዛ ትቀመጥልን ነበር። ዘንድሮ ስራ አንገቷ ድረስ ስለሞላባት አዘጋጁ «ሰው እንዳለ አስቡት፣ በቃ» ብሎ አለፈው። እሱ ጊዜ ያተረፈ መስሎት ነው፤ ዕድሜ ልኩን ሰው ሲፈልግ የኖረ እጅ ግን ሰው እንዳለ አስብ ስላሉት ዝም ብሎ አይቀመጥም።

ይሄን ሁሉ እያወቅኩ ሐሳቤ ወደ ሰው አልሄደም። የት እንደሄደ አንተ አይጠፋህም። ልጄ አዳራሹ ውስጥ ናት አልኩ። ይኸው ጻፍኩት። ለእህቴም ለማንም ያልተናገርኩት ነው። የራሷን ዓይን ሰርቼ አስቀምጬላት ልታየው መጣች አልኩ፤ የሚጢጢ ዓይን ደግሞ ባለቤቱን አውቆ ወደዚያው እየሄደ ነው አልኩ። ሌሎቹ ምሳ ሲወጡ እኔ እቀር ጀመር። ከምሰሶው ጥቂት ራቅ ብዬ እቀመጥና «በረደሽ እንዴ?» እላለሁ። መልስ እንደማይኖር እያወቅኩ ጆሮዬን አቀናለሁ። አንድ ቀን ከዚያ በኩል የእንጨት ጠረን የመሰለ፣ የእርጥብ ሹራብ ሽታ የመሰለ ነገር ሸተተኝና ፀጉሬ ቆመ። ፈራሁ፤ ከፍርሃቱ በታች ግን ደስታ ነበረበት፣ እንደዚያ ያለ ደስታ ለጠላቴም አይስጠው። ከዚያ ወዲህ በሄድኩበት ሁሉ ግራዬን ነው የማየው። መንገድ ላይ ስሄድ፣ ደረጃ ስወጣ፣ ዳቦ ቤት ተራ ስይዝ፤ ግራ።

እህቴ ነገሩ ገብቷታል። ቤቴ መጥታ ሳትጠይቀኝ ልብሶቼን ማጣጠፍ ጀመረች። ስራውን ትቼ ከእሷ ጋር እንድኖር፣ ጥሩ ሐኪም እንድታሳየኝ፣ እነዚያን ዓይኖች ደግሞ ሌላ ሰው እንዲያወጣቸው ትፈልጋለች። አላመናጨቅኳትም። እውነቱን ልንገርህ፣ ልትሄድ ስትል ቀሚሷን ይዤ «እያበድኩ ይሆን?» ብዬ የጠየቅኳት እኔ ነኝ። አቀፈችኝ።

በዚያው ሰሞን አዘጋጁ ቁርጡን ነገረኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ቀኑ ደርሶበታል። አናጢው የተሳለ ዓይን ያለው ሌላ ፊት አዘጋጅቶላት ሳጥን ውስጥ አስቀምጧል። የመጨረሻው ልምምድ ላይ የሚጢጢ ዓይን ከዋለለ የኔው ይወጣና እሱ ይገጠማል። ሳጥኑን ከፍቼ አየሁት። ጥሩ ስዕል ነው፣ እጁ ይባረክ። ማንንም አያይም እንጂ። እቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። አንዴ ቀብሬአት መጥቻለሁ፤ ሁለተኛ እጄ አይሰራውም።

ስለዚህ ጋሽ ጓንትን ለመንኩት። ሽቦው ምን እንደሚያደርግ በራሴ ጣት ልስማው አልኩት። ጥቁሩን ጨርቅ አውልቆ ሰጠኝ፣ «እጅሽን አትከልክይው፤ የሚሄድበትን እሱ ያውቃል» አለኝ። ጨርቁን አጠለቅኩት። ከውስጡ ይሞቃል፣ የሌላ ሰው ላብ ይሸታል፣ ከራስህ እጅ ባሻገር ያለው ዓለም ሁሉ ጥላ ነው። የቀረህ ጆሮህ ነው። አዘጋጁ መድረኩ ላይ ሲንጎራደድ ሰማሁ። ሴትዮዋ መብራት ስታጠፋ ሰማሁ። ወደ መጨረሻው በር ደረስን። ሚጢጢን ወደ አዳራሹ አዞርኳት።

ወንበር ሲያቃስት ሰማሁ። ከግራ፣ ከኋላ።

ልጃችንን አዳራሹን ላሳያት ያመጣኋት ቀን ታስታውሳለህ? አንተም መጥተህ ነበር። ከክብደቷ ማነስ የተነሳ መቀመጫው አልረጋ ብሎ እግሯን ይዞ ሲታጠፍባት፣ እሷ በሳቅ ስትንከተከት፣ አንተ መቀመጫውን በእጅህ ተጭነህ ስትይዝላት። ያ ወንበር ለእሷ አያቃስትም። ይሄኛው እንደ ደከመው ሰው ነው ያቃሰተው። የተቀመጠበት ሰው ከባድ ነው፣ ወገቡም ሳያመው አይቀርም፤ ጎኑን እየቀያየረ ነው።

ከዚያ ትንፋሽ ሰማሁ። አጠር አጠር ያለ፣ አሁንም አጠር ያለ፣ ከዚያ አንድ ረጅም፣ ከዚያ ምንም እንዳልሆነ ሰው ጉሮሮ መጥረግ። ይሄን ድምፅ አውቀዋለሁ። እቤታችን ከመታጠቢያ ቤቱ በር ጀርባ፣ ቧንቧው ተከፍቶ፣ ከውሃው ስር ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። በሩን አንኳኩቼ አላውቅም ነበር።

አውራ ጣቴን አልገፋሁትም። ራሱ ሄደ። ጋሽ ጓንት እውነቱን ነው።

ጨርቁን ከፊቴ አልገፈፍኩትም። ለምን እንዳልገፈፍኩት እኔም ቁርጥ አድርጌ አላውቅ፤ ብገፈው የሚሆነውን ፈርቼ ይሆናል፣ ወይ ደግሞ ያ ሰው እዚያ የመጣው ሊታይ አይደለም፣ ሊያይ ነው። ዝም ብዬ የሚጢጢን ዓይን እዚያው አቆየሁት። አዘጋጁ «መሃል! መሃል!» እያለ ሲጮህ ጆሮዬን ደፈንኩ። አንዴ ብቻ ቆቧን ቀስ አድርጌ ከደንኩት፣ ገለጥኩት። ጨርቁን ሳወልቅ የጎን በሩ ተከፍቶ ሲዘጋ አየሁ፤ ባለሁበት መድረኩ ላይ ተቀመጥኩ። ሁሉም ያቃዠኝ መስሏቸው ውሃ አመጡልኝ። እኔ ከልጃችን ሞት ወዲህ እንደዚያ ቀን ጤነኛ ሆኜ አላውቅም። አላበድኩም ነበር፤ ይኸው ነው። እህቴ ጋ ሮጬ ሄጄ «አላበድኩም» አልኳትና አለቀስኩ፤ እሷም ምኑም ሳይገባት አብራኝ አለቀሰች።

በማግስቱ ዘበኛውን ጠየቅኩት። በልምምድ ሰዓት በጎን በር የሚገባ ሰው አለ ወይ አልኩት። «ኧረ ማንም አልገባም!» አለኝ፤ ያንኑ ትንፋሽ ሳይጨርስ ደግሞ «ምስኪን ነው፣ ማንንም አይረብሽም» አለ። ሳቄን ዋጥኩት። ማን ነው ብዬ አልጠየቅኩም። የጎን በሩ ቁልፍ ከተበላሸ መቆየቱን ነግሮኝ፣ ላስጠግነው ይሆን ብሎ ፊት ፊቴን አየኝ። ይቆይ አልኩት።

ከዚያ መላ ያገኘሁ መሰለኝ። መሃል ላይ ሰው ከተቀመጠ ዓይኗ መሃል ያርፋል ብዬ በሚቀጥለው ልምምድ ሄጄ እኔው ተቀመጥኩ። ጋሽ ጓንት ሚጢጢን አዞራት። መጣች፣ እኔ ላይ አረፈች። ልቤ ስንጥቅ አለ፤ ከሰራኋት ጀምሮ መድረክ ላይ ሆና ስታየኝ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው። ከዚያ ዓይኗ ቀስ ብሎ ወደ ግራ ሄደ። እዚያ ቆየ። ተመልሶ እኔ ጋ መጣ። ደግሞ ግራ። ደግሞ እኔ። እናትና አባቷ ተኳርፈው በየክፍላቸው የተቀመጡባት ልጅ ሳሎን መሃል ቆማ እንደምታየው። አንጀቴን በላችው። የጎን በሩ ያን ቀን ቶሎ ነው የተዘጋው።

አዘጋጁ ጭራሽ ባሰበት። «ጭራሽ ትቅበጠበጥ ጀመር!» ብሎ ወረቀቱን ወረወረ። ያቺን ሳጥን አናጢው አምጥቶ መድረኩ ጎን አስቀመጣት።

እንግዲህ የመጨረሻው ልምምድ የፊታችን ቅዳሜ ከሰዓት ነው። እኔ ሞላና ሽቦ ላይ ዕድሜዬን የፈጀሁ ሰው ነኝ፤ የማስተካክለውን አስተካክዬ ጨርሻለሁ። ሁለት ሰው በሁለት ጥግ ተቀምጦ የሚዋልል ዓይን በብሎን አይጠብቅም። አንዱ ተነስቶ ቢሄድ ዓይኗ አንድ ቦታ ያርፍ ነበር፤ ይሄም ይገባኛል። እኔ ልነሳ እችላለሁ፤ ከኋላ ያለውም ሰው ላይመለስ ይችላል። ግን ያቺ ልጅ አንደኛችንን ስትፈልግ እንድትኖር አልፈልግም፤ በቂ በር አንኳኩታለች።

ስለዚህ ቅዳሜ ከመሃል ረድፍ እቀመጣለሁ። በግራዬ ያለውን ወንበር ማንም እንዳይቀመጥበት ቦርሳዬን አስቀምጬ እይዘዋለሁ። ሩቅ አገር ላለ ሰው ይሄን መጠየቅ እብደት ነው ትል ይሆናል። መንገዱ ግን እህትህ እንደምትለው ሩቅ አይመስለኝም። መብራት ሲጠፋ ብትገባ ይበቃል፤ ዘበኛው አይጠይቅህም። እኔም ምንም አልጠይቅህም። የት ነበርክ፣ ለምን ሄድክ፣ ለምን መጣህ፤ አንዱንም። ዓይኔን ማየት የለብህም። ጎን ለጎን የተቀመጡ ሰዎች አይተያዩም፤ ሁለቱም ወደፊት ነው የሚያዩት። እሷን እናያታለን፣ እሷም እኛን ታየናለች፤ ከዚያ በኋላ ብትፈልግ ተነስተህ ሂድ።

ለእህትህ ሰላምታዬን ንገራት፤ በጉትቻዋ እንዳልተቀየምኳትም ንገራት። ፈጣሪ ጤናህን ይስጥህ፣ ወገብህን ያጽናልህ፣ ያለቀሰውን ሁሉ ያጽናናልህ። ልጃችንንም በሰላም ያሳርፍልን። መንገድህን ያቅናልህ፤ አጭር ቢሆንም።

የልጅህ እናት